«እገሌ ብሏል» ማስረጃ ነው ወይ?

ሰሞኑን በክፍላችን ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሣቱ ደስ አሰኝቶናል፤ አካሄዱ ግን አሳዝኖናል። አንደኛው ወገን «ዴካርት በ1637 መጽሐፉን ሲያወጣ እኛም ፈላስፋ ነበረን!» ሲል፣ ሌላው «ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጣልያኑ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሏል፤ አለቀ» አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጭብጨባው ለቀልደኛው ሆነ። መጽሐፉን ይዞ የመጣ ግን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በመሠረቱ ሙግት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በላ ልበልሃ ሲባል የቃል ውበት ብቻ አልነበረም፤ ምስክርም ይቆጠር ነበር። እኛ ውበቱን ወርሰን ምስክሩን የጣልን ይመስላል።

እስቲ ነገሩን እንየው። ሐተታው በ17ኛው መቶ ዓመት ተጻፍሁ ይላል። ዳ ኡርቢኖ አገኘሁት ብሎ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ግን በ1850ዎቹ ነው፤ ፓሪስ ያሉት ሁለት ቅጂዎችም በእርሱ በኩል ያለፉ ናቸው። ይህ ያስጠረጥራል፣ አይካድም። ግን ይፈርዳል ወይ? አይፈርድም፤ መጽሐፍ ከደራሲ እጅም ከሰብሳቢ እጅም ይገኛላ! ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል የሚስማማ ከሆነ ለማንም አልመሰከረም ማለት ነው። ኮንቲ ሮሲኒ ከተደገፈባቸው ነገሮች አንዱ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ካቶሊካዊ ቄስ ቃል ነው። እዚህ ላይ ነበር መጠየቅ የነበረብን፦ ሲጻፍ አይተዋል ወይስ ሲወራ ሰምተዋል? «ኮንቲ ሮሲኒ ብሏል» ስንል ይህን ጥያቄ ዘለልነው። ክሎድ ሰምነር በ1976 ስለ ጽሑፉና ስለ ደራሲው አንድ ሙሉ ጥራዝ አሳትሟል፤ አናይስ ቪዮን ደግሞ በ2013 ጥርጣሬውን እንደገና ቀስቅሳዋለች። «አለቀ» የተባለው ጉዳይ ገና አላለቀም።

የኩራቱን ወገን በተመለከተ አንዋሽም፤ ልባችን ከእነርሱ ጋር ነው። ይሁን እንጂ «የእኛ ቢሆን ደስ ይለናል» እና «የእኛ ነው» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ በዚያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ አንድ ሆነው ዋሉ።

ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ጥያቄ አነሣን፦ ምን ቢገኝ ሐሳብህን ትለውጣለህ? የጣልያኑ ነው ባዩ ጓደኛችን ወዲያው መለሰ፤ «ከዳ ኡርቢኖ መምጣት በፊት የተጻፈ አንድ ቅጂ አምጡልኝ» አለ። ተራው የእኛ ሲሆን ግን ዝም ዝም ሆነ። ሻያችንም ቀዘቀዘ።