ባለቤት የሌላት ዐረፍተ ነገር

«የአካባቢውን ኅብረተሰብ በማሳተፍ ዘላቂ ኢኮቱሪዝምን ማስፋፋት።» ይህቺን ዐረፍተ ነገር የማያውቃት ማነው? በዕቅድ ትጻፋለች፣ በሪፖርት ትነበባለች፣ በዐውደ ጥናት ላይ ከሻይ ዕረፍት በፊትም በኋላም ትደገማለች። ተራራና ደን ባለበት ሁሉ ሳትጠራ ትደርሳለች። ለዓመታት የተማሪ ድርሰት ሳርም ስለኖርኩ የቀይ እስክሪብቶ አመሌ አልለቀቀኝምና፣ እስቲ ዛሬ እሷን ልያት።

አንደኛ፣ ባለቤት የላትም። «ማስፋፋት» በሰዋስው ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ማሰሪያ አይሆንም። ማን ያስፋፋል? መቼ? አይናገርም። ሁለተኛ፣ «ማሳተፍ» የምትለዋ አለች። «ገበሬው ተሳተፈ» ብንል አድራጊው ገበሬው ነው። «ገበሬውን አሳተፉት» ስንል ግን ገበሬው ተሳቢ ሆኖ ቁጭ አለ። ድግሱ የሌላ ነው፤ እሱ ተጠርቶ የመጣ ነው። «ተጠቃሚ ማድረግ» የምትለዋም የዚችው እኅት ናት። የሰዋስው ሊቆቻችን የድርጊቱን ፈጻሚ «ባለቤት» ማለታቸው እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም።

«ይሄ የቃላት ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያስ ምዕራብ አርሲ፣ አዳባና ዶዶላ ድረስ አብረን እንሂድ። ከባሌ ተራሮች በስተሰሜን ባለው ተዳፋት ላይ ጥድ፣ ኮሶና አስታ የለበሰ ደን አለ። በደርግ ዘመን ቅድሚያ ይሰጣቸው ከተባሉት 58 ደኖች አንዱ ነበር። በወረቀት የመንግሥት ነው። ጫካው ውስጥ ከብት የሚያረባው ሰው ግን በገዛ ቀዬው ሕገ ወጥ ተባለ። ሕገ ወጥ የተባለ ሰው ደግሞ ለነገ ምን ብሎ ያስባል? ዛሬ እሱ ካልቆረጠው ነገ ሌላው ይቆርጠዋል። ደኑም ሳሳ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የክልሉ መንግሥት በጀርመኑ ጂቲዜድ ድጋፍ ሌላ መንገድ ሞከረ። «ዋጂብ» የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ለአንድ አባል 12 ሄክታር ተሰልቶ፣ አንድ ማኅበር ከ30 አባል እንዳይበልጥ ተደርጎ፣ ውል ተፈረመ። አባሉ ደኑ ውስጥ ይኖራል፣ ከብቱን ያሰማራል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ የዛፉን ሽፋን ይጠብቃል፣ ከውጭ መጥቶ የሚቆርጠውን ይከለክላል። ግሶቹን ልብ በሉልኝ፤ ሁሉም ባለቤት አላቸው። በዚያው አካባቢ እንግዳው በፈረስ ከዋሆሮ እስከ ዱሮ ከጎጆ ጎጆ ይጓዝ ነበር፤ ፈረሱም መሪውም የአገሬው ናቸው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አንሳት። ማኅበርተኛው ደኑን የጠበቀው ፈረንጅ ይመጣል ብሎ አይደለም፤ ግጦሹም ጎጆውም እዚያው ስለሆነ ነው። ቱሪዝም ማባያ እንጂ እንጀራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የዓለምን አውሮፕላን መሬት አስያዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። እንግዳ ቀረ። በእንግዳ ኪስ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ደን እንዲህ ባለው ጊዜ ማን ይቁምለት?

ዋጂብም ቢሆን እንከን አለበት። ሠላሳ አንደኛው ሰው ምን ይሁን? የአባሉ ልጅ አድጎ ጎጆ ሲወጣስ የት ይግባ? ደን አይሰፋም፤ ቤተሰብ ግን ይሰፋል። የጎብኚ ገቢ ዋና ሥራው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ድርሻ ላልደረሰው ወጣት ፈረስ መግዣ፣ መሪነት መማሪያ ሊሆን ይችላል። ሆቴል ተሠርቶ እሱ በር ላይ ዘበኛ ቢሆን ግን በሌላ ስም ያው ተሳቢነት ነው።

ሕጉ እንኳ ከሪፖርታችን ቀድሞ ሄዷል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል በግልጽ ያውቃል። ስለዚህ ያቺን ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሹም ሲገጥማችሁ ብዙ አትከራከሩ። የመግቢያው ገንዘብ የማን ሳጥን ውስጥ ይገባል? መንደሩ «አይሆንም» ቢል የሚሰማው አለ? እነዚህን ሁለቱን ጠይቁት። መልስ ካጣ፣ ዐረፍተ ነገሯን እንዲህ አርማችሁ መልሱለት፤ «ደኑን የአካባቢው ሰው ይጠብቃል፤ እንግዳውንም እሱ ያስተናግዳል፤ መንግሥት ይሳተፋል።»