«የቀጥታ ሥርጭት» ወይስ «የአሁን ምስል»?
ለባቡር ነጂ ስለሚደርሰው የመድረክ ምስል አሰያየም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ደምበጫ ሐዲድ አልተዘረጋባትም። ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያነሣነው የስያሜ ጉዳይ ከሐዲድ ይልቅ በእንዲህ ዓይነቷ ከተማ ከሚቆም አውቶቡስ በር ቢጀመር ይቀላል። አውቶቡሱ ተሳፋሪ አውርዶና ጭኖ ሊነሣ ሲል ሾፌሩ የኋላውን በር ከመቀመጫው ሆኖ አጥርቶ አያይም፤ የሚያይለት ረዳቱ ነው። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ያሳረፈ ሽማግሌ ወይም በበሩ የተያዘ የነጠላ ጫፍ ካለ ረዳቱ «ቁም!» ይላል፤ ከሌለ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሂድ!» ይላል። ሾፌሩ የሚነሣው በረዳቱ ዓይን ነው ማለት ይቻላል።

በባቡር ዘንድ ይኸው ችግር እጅግ ይሰፋል። «ነጂ» የሚለው ቃል የተወረሰው ከብትና አህያ ከሚነዳው ሰው ነው፤ እርሱ ግን ከኋላ ስለሚሄድ የሚነዳውን ሁሉ ከፊቱ ያያል። የባቡር ነጂ በአንጻሩ ከፊት ተቀምጦ በሮቹን ሁሉ ከኋላው ያደርጋል። ቀድሞ በብዙ አገር በሮቹን የሚጠብቅ ሌላ ሠራተኛ ነበረ። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የቪክቶሪያ መሥመር በ1968 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ግን እያንዳንዱን ባቡር የሚያስኬደው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለው አሠራር እየተስፋፋ ሲሄድ በመድረኩ ዳር የተተከሉ ካሜራዎች የሚያዩትን በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ነጂው ፊት ወዳለው ስክሪን የሚያደርስ ዘዴ በልዩ ልዩ አገሮች ሥራ ላይ ዋለ። ነገሩ በቀላሉ የታለፈ አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በደቡብ እንግሊዝ የባቡር ሠራተኞች አድማ ሲመቱ የክርክሩ መነሻ በሩን መቆጣጠር ያለበት ነጂው ነው ወይስ ሌላው ሠራተኛ የሚል ነበር።

የአገራችን የባቡር ቃላት ታሪክ ሁለት ጠባይ አሳይቷል። የጅቡቲው መሥመር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ ከፈረንሳይኛው የሰማውን በራሱ አንደበት አስተካክሎ «ለገሃር» እና «ፉርጎ» አለ። «ባቡር» የሚለውንም ቃል በሐዲድ ለሚሄደው ብቻ አልወሰነውም፤ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» መባሉ ይታወቃል። በእኛ ዘመን ግን ቃል በቃል መመለስ ሰፍኗል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር «ቀላል ባቡር» ተብሏል። የባዕዱ ቃል የሚያመለክተው የመሥመሩንና የተሽከርካሪውን አቅም ሲሆን፣ የእኛ «ቀላል» ግን የከባድም የአስቸጋሪም ተቃራኒ በመሆኑ አንባቢን ያወላውላል። ይህ ስያሜ በማንም ላይ ጉዳት አያደርስም። የደኅንነት መሣሪያ ስያሜ ግን በሥራ መመሪያ ውስጥ ስለሚገባ መወላወልን አይታገሥም።

ተርጓሚ በተለመደው መንገድ ቢሄድ የዚህን ዘዴ ስም «ለባቡር ነጂዎች የሚደረግ የቀጥታ የመድረክ ቪዲዮ ሥርጭት» ብሎ እንደሚመልሰው አያጠራጥርም። ቃላቱን በየተራ እንመርምር።

ሀ/ «መድረክ»፦ ይህ ቃል ተዋናይንና ተናጋሪን ያስታውሳል በሚል «መሳፈሪያ» ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። «መሳፈሪያ የለኝም» የሚል ሰው ያጣው ገንዘብ እንጂ ቦታ አይደለም፤ በዚያም ላይ ቃሉ ወራጁን ይረሳል። «መድረክ» ግን ከትያትር ቤት በፊት የቤት ደፍ ስም ነበር። አደጋው የሚደርሰው ከቆሙበት ወለል ወደ ባቡሩ በር በሚሻገሩበት በዚያው ደፍ ላይ ስለሆነ፣ ቃሉ ወደ ጥንት ፍቺው ተመለሰ እንጂ አልተዛባም።

ለ/ «ቪዲዮ»፦ ባዕድ ቃል መሆኑ አያስነቅፈውም። ይሁንና ለነጂው የሚያስፈልገው የሚታየው ነገር ስለሆነ «ምስል» ይበቃል። «ድምፀ ወምስል» ማለት የሌለ ድምፅ መጨመር ይሆናል።

ሐ/ «ሥርጭት»፦ ዘርን፣ ወሬን፣ ጋዜጣን ለብዙ ተቀባይ ማዳረስን ያመለክታል። እዚህ ያለው ተቀባይ አንድ ነጂ ነው። «ማስተላለፍ» እንዳንል ደግሞ ስብሰባ ለሌላ ቀን ሲገፋም ተላለፈ ይባላል፤ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሳይገናኙ ሲቀሩም ተላለፉ ይባላል። መዘግየት በሚያሰጋበት ሥራ የመዘግየትን ፍቺ ያዘለ ቃል ማስገባት አይገባም። «ማድረስ» ግን ተቀባይን ይጠይቃል፤ ያልደረሰም ነገር ደረሰ አይባልም።

መ/ «የቀጥታ»፦ ዋናው ነቀፌታችን በዚህ ላይ ነው። ቃሉ በመሠረቱ የሚናገረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ጊዜው አይደለም። ቴሌቪዥን የጊዜ ፍቺ እንደ ሰጠው አንክድም፤ ነገር ግን ያ ፍቺ የተመልካች ፍቺ ነው። የኳስ ተመልካች ግቡን ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ቢያየው የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ያም ሆኖ «የቀጥታ ሥርጭት» ይባልለታል። ለነጂው ግን እነዚያ ሰከንዶች አንድ ሕፃን ወደ በሩ ሮጦ የሚደርስባቸው ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ጨርሶ የጠፋ ምስል አይደለም፤ ስክሪኑ ሲጨልም ነጂው ይጠነቀቃል። የሚከፋው ሳይታወቅ ቀጥ ብሎ የቀረ ምስል ነው፤ ባዶ መድረክ እያሳየ ሰው ያስጨርሳል። «የቀጥታ» የሚለው ቃል ይህን አደጋ አይጠራውም።

«ቅጽበታዊ» የሚለውን ልንመርጥ አስበን ነበር፤ የዓይን ጥቅሻን ያህል አጭር ጊዜ የሚያመለክት ጥሩ ቃል ነውና። ሆኖም በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች ላይ «ቅጽበታዊ ገጽ እይታ» ለቆመ፣ ለተቀረጸ ምስል ውሏል። ስለዚህ እኛ የምንሸሸውን ፍቺ አስቀድሞ ይዞታል።

ስለሆነም በበኩላችን የምናቀርበው ስያሜ «የአሁን የመድረክ ምስል» ነው፤ ለሥራው ደግሞ «የመድረክን የአሁን ምስል ለነጂ ማድረስ»። እጅግ ተራ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን ተራነቱን እንደ ጥቅም እንቈጥረዋለን። «የአሁን» ተቃራኒውን «የቆየ»ን ወዲያው ይጠራል፤ ነጂውም በሬዲዮ «ምስሉ የአሁን ነው ወይስ የቆየ?» ብሎ ሊጠይቅበት ይችላል። «ቀጥታ ነው ወይስ ጠማማ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይኖርም።

የደኅንነት ቃል በመዝገበ ቃላት ዓምድ ውስጥ ማማሩ አይበቃውም፤ በመመሪያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ መታዘዝ አለበት። ያቀረብነው ቃል በዚህ ይፈተን፦ «የመድረኩ ምስል የአሁን መሆኑ ካልተረጋገጠ ነጂው ባቡሩን አያንቀሳቅስ።» ይህን ለደምበጫው የአውቶቡስ ረዳት ብናነብለት ትርጓሜ ሳይጠይቅ እንደሚረዳው እናምናለን። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው ተርጓሚዎችም ቃላቸውን በዚሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው እንዲፈትኑት እንጠይቃለን።