የዕቃው መግለጫ

በለሚ ኩራ፣ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላሉ የልብስ ፋብሪካዎች ጨርቅ የሚያስገባ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ በገበያው ስሙ ትራንዚተር፣ ሥራው የሚጀምረው ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ይመስላል። ጀማሪም «ሰነዱ መቼ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ግን መሽቷል፤ ሥራው ያለው ሻጩ አስቀድሞ በሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ፣ በፕሮፎርማው ላይ ነው።

ባንኩ ፈቃድ የሚሰጠው ፕሮፎርማውን አይቶ ነው። ሻጩ ኢንቮይሱን ከዚያው ይገለብጣል፤ ፓኪንግ ሊስቱና ቢል ኦፍ ሎዲንጉም ይከተላሉ። መጀመሪያ «የጥጥ ጨርቅ» ተብሎ የታለፈው ቃል የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እስኪሞላ ድረስ ሳይነካ ይመጣል። «ወደብ ላይ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። ይስተካከላል፣ በደንበኛው ገንዘብ፤ ባንክና ላኪ ሲጻጻፉ የመጋዘን ኪራይ በቀን ይቆጠራል።

«የጥጥ ጨርቅ» ለታሪፍ መጽሐፉ ምንም አይነግረውም። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ፣ የኤችኤስ ኮድ፣ የሹራብ ጨርቅን ምዕራፍ 60፣ የተሸመነ ጥጥን ምዕራፍ 52 ውስጥ ያስቀምጣል። የተሸመነው 85 በመቶና ከዚያ በላይ ጥጥ ከሆነ ክብደቱ ይጠየቃል፦ በካሬ ሜትር እስከ 200 ግራም 5208፣ ከዚያ በላይ 5209።

ስለዚህ የበሰለ ትራንዚተር ዕቃው ሳይጫን ናሙና ያስልካል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ወርቅ መመዘኛ ላይ ያኖረዋል፤ 2 ግራም ካነበበ ጨርቁ ልክ ድንበሩ ላይ ነው። ከዚያ ከጠርዙ አንድ ክር በመርፌ ይመዛል። ለብቻው ተመዝዞ ከወጣ ሽመና፣ ዙር በዙር ከተተረተረ ሹራብ ነው። ቁራጩ ከሰነዱ ኮፒ ጋር በስቴፕለር ይያያዛል። በሙያው የኖረ ሰው መሳቢያ በእንዲህ ያለ ብጥስጣሽ የተሞላ ነው፤ የየትኛው ፋብሪካ፣ የየትኛው ክረምት ጭነት እንደነበር በጣቱ ዳብሶ ይለያል።

«ለውጭ ገበያ ምርት የሚውል ጨርቅ ከቀረጥ ነፃ ይገባ የለ፣ ኮዱ ቢሳሳት ምን ይጎዳል?» የሚል ክርክር ይነሳል። ቀረጡ ግን አልተሰረዘም፤ በእንጥልጥል ነው ያለው። የገባው ጨርቅ ሸሚዝ ሆኖ ሲወጣ በግብዓትና በምርት ጥምርታ ይወራረዳል። መግቢያው ላይ ክብደቱ የተሳተ ጨርቅ መውጫው ላይ ይጎድላል ወይም ይተርፋል፤ ልዩነቱንም ፋብሪካው እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ሰነድ በኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት መላክ ከተጀመረ ወዲህ በየቢሮው መሮጥ ቀንሷል፤ መግለጫውን ግን ኮምፒውተሩ አይጽፍም። ማወራረዱንም አይጨርስም፤ እሱ የሚያበቃው የፋብሪካው የመቁረጫ ክፍል ቁርጥራጭ በጆንያ ታስሮ፣ ተመዝኖና ተመዝግቦ ሲያልቅ ነው።