ሠራተኛው ሲባል ሠራተኛዋ የት ናት?

ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋው አቃቂ ቃሊቲ ከአገሪቱ ነባር የኢንዱስትሪ ሠፈሮች አንዱ ነው። በዚህ ሠፈር «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ሁለት ኑሮ ይኖራል። በፋብሪካው በር «ሠራተኛ» ሲባል ደመወዝ የሚከፈለው፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነ፣ መብቱን የሚጠይቅ ሰው ይታሰባል። በመኖሪያ ቤት ደጃፍ ግን «ሠራተኛ አላቸው» ሲባል ማንም ፆታ አይጠይቅም፤ ወጥ የምትሠራ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ልጅ የምታዝል ሴት መሆኗ ታውቋልና። ቃሉ ያው አንዱ ነው፤ ደፍ ሲሻገር ግን ፆታውን ይለውጣል፤ ፆታውን ሲለውጥም ክብሩን ከደጅ ጥሎ ይገባል።

«ሙያ»ም ዕጣው ይኸው ነው። «ሙያ ሠራ» የተባለ ወንድ በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመ ነው፤ «ባለሙያ» የተባለ ወንድም መሐንዲስ ወይም አናጢ ሊሆን ይችላል። «ባለሙያ ናት» የተባለች ሴት ግን ዶሮ ወጥ አሳምራ የምትሠራ ናት። መኪና የምትነዳውም «ሹፌር» መባል አይበቃትም፤ «ሴት ሹፌር» ትባላለች። ብዕር የምታነሣውም «ሴት ደራሲ» እንጂ እንዲያው ደራሲ አትሆንም። «ወንድ ደራሲ» ሲባል ግን የሰማ የለም።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሲቀሩት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቼርማን»፣ «ፖሊስማን»፣ «ስፖክስማን» የመሳሰሉትን፣ መጨረሻቸው ወንድ የሆኑ ቃላት በገለልተኛ ቃላት መተካት ይገባል ብለው ተነሡ። ይህን ክርክር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን የሰውን ልብስ ሳይለኩ እንደ መልበስ ነው። «ሊቀ መንበር»፣ «ቃል አቀባይ»፣ «ሰብሳቢ» በአማርኛ ልማድ ለወንድም ለሴትም ያገለግላሉ። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ለርእሰ ብሔርነት ሲመረጡ የሹመቱ ስም አንዲት ፊደል አልተለወጠችበትም። ይልቅስ «ወንድ» የተሸከሙት ስሞች በውሰት የገቡት «ፎርማን»ና «ካሜራማን» ናቸው፤ «የሥራ ተቆጣጣሪ»ና «የካሜራ ባለሙያ» ማለት እየተቻለ።

የአማርኛ ችግር ያለው ከስሙ ይልቅ በግሱና በተውላጠ ስሙ ላይ ነው። «ሠራተኛው መታወቂያውን ያሳይ» የሚል ማስታወቂያ በሰዋስው ረገድ አንድ ወንድ እንጂ አንዲትም ሴት አይጠራም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂዎችም ይህ ሳይታያቸው አልቀረም፤ አንቀጽ 7 በወንድ ፆታ የተደነገገው ሴትንም እንደሚያካትት ይገልጻል። አንቀጹ ለሕግ መልካም መድኅን ነው። ሆኖም ሴቲቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ወደ ሰነዱ ትገባለች እንጂ በሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች ስሟ አይነሣም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አማርኛ «እርስዎ»ንና «እሳቸው»ን፣ «እናንተ»ንና «እነሱ»ን ይዞ የኖረ ቋንቋ ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ወንድና ሴት አይለይም። «ሠራተኞች መታወቂያቸውን ያሳዩ» ቢባል ማንም አይቀርም፤ ሰዋስውም አይጎዳም። ከዚህ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል፤ አማርኛ አንድን ሰው ሲያከብር ፆታውን ይረሳል። ለከበሬታ ሲል ብቻ ሰውን ሰው ብሎ ይጠራል።

የነገሩ ምሬትም ከዚሁ ይነሣል። ከበሬታ በደረጃ የሚከፋፈል ነውና ገለልተኛው ቃልም በደረጃ ይከፋፈላል። በዕድሜ የገፋች የቤት ሠራተኛ የአሠሪዋን ጎልማሳ ልጅ «እርስዎ» ስትል፣ እሱ «አንቺ» ይላታል። እሷ ስትናገር የእሱ ወንድነት አይነሣም፤ እሱ ሲጠራት ግን ሴትነቷ በእያንዳንዱ ግስ ጫፍ ይታሰራል። ፆታን የሚያስታውሰው አነጋገር አብዝቶ የሚወድቀው ከታች ባሉት ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚህም የከፋው ሙገሳው ነው። ደፋር ሴት «እሷ እኮ ወንድ ናት» ትባላለች፤ ፈሪ ወንድ «ሴታ ሴት» ይባላል። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌው ምሽግ ከበባ የጠላትን የውኃ ምንጭ ያስያዙት በሴትነታቸው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ብልኀት «የወንድ ሥራ» ብሎ ማወደስ፣ ሰጠሁ እያሉ መንጠቅ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም የነጠቃው ሕግ ነው። በመድረክ ላይ ጀግናይቱን በ«ወንድነት» የሚያስመሰግን ተውኔት ጸሐፊ ለገጸ ባሕርይዋ የሰጠውን በሌላው እጁ መልሶ ይወስዳል። «ጀግና»፣ «ቆራጥ»፣ «ልበ ሙሉ» የሚሉት ቃላት ማንንም ሳይነጥቁ ሥራውን ይሠራሉ።

ቃል እንጀራ አይሆንም፤ የሴቲቱን ደመወዝም አይጨምርም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቃል ብቻውን አይበቃም። ሆኖም በአቃቂ ፋብሪካ በር የተለጠፈ የተቆጣጣሪነት ማስታወቂያ «አመልካቹ» ብሎ ሲጀምር፣ ለዓመታት በመሸመኛው ፊት የቆመችው ሴት ወረቀቱን አንብባ መንገዷን ትቀጥላለች። «አመልካቾች» ብሎ ቢጀምር ግን ቢያንስ ቆማ እስከ መጨረሻው ታነበዋለች።