ባሕሩም ጦሙን ይደር

ባሕር ዳር ለሽርሽር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ «ውሃው ጥሩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «እኔ ከገባሁበት በኋላስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስቲ ማን አለ?

ሃናውማ ቤይን እንውሰድ። ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ የምትገኝ፣ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ባንድ ጎኑ ተንዶ ባሕር የገባባት ትንሽ ወሽመጥ ናት። ሰው የሚጎርፈው ለስኖርክሊንግ ነው፤ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አጥልቆ፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ዓሣ ለማየት። ከ1967 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በሕግ ስለምትጠበቅ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። እሰየው! ዓሣው ከአጥማጅ ተረፈ። ከአድናቂውስ ማን ያትርፈው?

ጎብኚው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዋና ሲደክመው ቆም ይላል፤ የቆመው ግን ኮራል ላይ ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው። ሰውየው እግሩን ሲያወራጭ አሸዋው ይነሳል፣ ውሃው ይደፈርሳል፤ ኮራሉ ውስጥ እየኖሩ በፀሐይ ብርሃን የሚመግቡት ጥቃቅን አልጌዎች ብርሃን ያጣሉ። ገላው ላይ የተለቀለቀው የፀሐይ ቅባትም ታጥቦ እዚያው ይቀራል። ዓሣ ሊያይ ሄዶ ዓሣውን የጋረደው ራሱ ነው።

በ2020 ኮሮና መጣና በሩ ተዘጋ። ከስምንት ወር በላይ ጎብኚ ዝር አላለም። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ የውሃው ጥራት በ64 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ማጣሪያ የተከለ የለም፤ የቀረው ሰው ብቻ ነው።

በ2021 የሃዋይ ነዋሪ ላልሆነ ጎብኚ መግቢያው 25 ዶላር ሆነ። ይሁን፣ ቦታውን ለመንከባከብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ነገር ግን የከፈለ እግር ካልከፈለው ያነሰ አሸዋ አያስነሳም። እንዲያውም «ከፍዬ የለም እንዴ!» የሚል ሰው ረገጥ ረገጥ ማለት ይቀናዋል። እኔን ደስ ያለኝ ሌላው ደንብ ነው፤ የዕለቱ ሰው ቁጥር ተወስኗል፣ ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ በሩ ይዘጋል።

እኛ ዘንድ «መሬቱ ጦሙን አደረ» ሲባል ቁጭት ነው። የደከመ መሬት ግን ካላረፈ እንደማያፈራ ገበሬያችን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ረቡዕና ዓርብን ለሚጦም ሰውም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ዕድል ቀንቷችሁ እዚያ ብትደርሱና ማክሰኞ ሆኖ በሩን ዝግ ብታገኙት፣ ዘበኛው ላይ አትጩኹ። ዓሦቹ እኛን ከማየት የሚያርፉበት ቀን ነው።