ቁጥር ሲያምር እውነት ይሆናልን?

ሰር አርተር ኤዲንግተን በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የፊዚካል ሳይንስ ፍልስፍና» አቶምንና ጠፈርን በቁጥር ሊያስተሳስር ይነሳል። ሁለትን 256 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተን በ136 ብናበዛው የዓለሙን ፕሮቶኖች ብዛት እናገኛለን ይላል፤ ያውም ሳይቆጥር! የምኞቱን ውበት አንክድም። ግን የኤሌክትሪክን ኃይል ጥንካሬ የሚወስነውን ቁጥር ግልባጭ ቀድሞ 136 ብሎ፣ ልኬቱ ወደ 137 ሲጠጋ አንድ ደመረበት። ታዲያ ይሄ ማስረጃ ነው ወይስ ልብስን በለባሹ ልክ መስፋት? በ1931 ቤክ፣ ቤተና ሪትስለር ከፍጹም ዜሮ፣ ከ273 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ 137ን «አስልተው» ቀለዱበት፤ የጀርመኑ መጽሔት ቁም ነገር መስሎት አተመው። ዛሬ ልኬቱ 137.036 ግድም ነው፤ ሙሉ ቁጥር እንኳ አይደለም።

እኛስ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቹ? ፍርዱን አስቀድመን ይዘን ከግጥሙ ማስረጃ ስንለቅም፣ ያው አንድ እየደመርን አይደለም እንዴ?