ተወዳዳሪን በዘር ሐረጉ መፈለግ

የድሮ ተወዳዳሪ በውጤት መዝገብ ላይ የሚተወው አንድ መስመር ነው፤ ስም፣ አገር፣ ደረጃ፣ ሰዓት። የት እንደተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ የሚጋልባትን ብስክሌት በማን ገንዘብ እንዳገኘ፣ ውድድሩን ሲተው በምን ሥራ እንጀራውን እንደበላ መስመሩ አይናገርም። የእኔ ሥራ ይህን ከቤተሰብ መዝገብና ከቤተሰብ አፍ መፈለግ ነው። ሙያውን የተማርኩት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባለችው ቱም ከተማ፣ የማጂ አካባቢ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ስመዘግብ ነው። ሞተር ብስክሌት የሚያሽከረክሩ ወጣቶቻችን «ከአገራችን ሰው መጀመሪያ የተወዳደረው ማን ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ፣ ያንኑ ሙያ ይዤ በሁለት ጎማ ወደ ተወዳደሩት የቀደሙ ብስክሌተኞቻችን ዞርኩ።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። የማን ደሴት የሞተር ብስክሌት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። በባለ አንድ ሲሊንደር ምድብ ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ፣ በባለ ሁለት ሲሊንደር ምድብ ሬም ፋውለር በኖርተን አሸነፉ። በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ከዚያ 70 ዓመት ቀደም ብሎ በ1837 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሕዝብ ቆጠራቸውም በየ10 ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን በስሙ፣ በዕድሜውና በሥራው ይጽፋል። ስለዚህ ተመራማሪው የቤተሰብ ስሙን ይዞ ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት ይወጣል። ሬም የሚሉት ሰው ሙሉ ስሙ ሃሪ ሬምብራንት ፋውለር መሆኑን ያውቃል። ኮሊየር ደግሞ ማችለስን የሚሠራው ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ የጋለበው የአባቱ ፋብሪካ ያወጣውን ሞተር ብስክሌት ነው። ይህን ስናውቅ ድሉ ሌላ ትርጉም ያገኛል።

እኛ ዘንድ መንገዱ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በሜልበርን፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ነው። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ከነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ኅዳር 28 ቀን ብሮድሜዶውስ በተባለው ሥፍራ ወደ 188 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የጎዳና ውድድር ጋለቡ፤ ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። ገረመው በአንዱ የውጭ ዝርዝር በዚሁ ስሙ ሲገኝ፣ በሌላው «ጉረሙ ደምቦባ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው የሰማውን በላቲን ፊደል እንደመሰለው አስፍሮታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ አንድን ስም ሊጻፍ በሚችልበት መልክ ሁሉ ዘርዝሮ መያዝ፣ ከዚያም እያንዳንዱን መልክ በየመዝገቡ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አለማድረግ ነው። አበበ ቢቂላን የውጭ መዛግብት «ቢቂላ» በሚለው ሥር ያስቀምጡታል፤ ቢቂላ ግን የአባቱ ስም ነው። የአበበን ታሪክ በ1996 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመችው ልጁ ጽጌ አበበ ትባላለች። «ቢቂላ» የሚለውን ብቻ ይዞ ዘሩን የሚፈልግ ሰው የገዛ ልጁን አልፏት ይሄዳል። በእኛ አገር ስም በየትውልዱ አንድ እርከን ይወርዳል፤ ስለዚህ የምፈልገው ተወዳዳሪ ልጆች በእሱ ስም፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ በልጆቹ ስም ይጠራሉ። ይህን የማያስታውስ ሰው መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቶ እያለ ዘሩ የጠፋ ይመስለዋል።

ሦስተኛው የዘመን ቁጥር ነው። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ዓመት ነው። በኅዳር 1949 የተደረገውን ውድድር ዘወትር 8 እየደመረ የሚያሰላ ሰው 1957 እ.ኤ.አ. ይለዋል፤ ውድድሩ ግን የ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በማስታወሻዬ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያልተገለጸ ዓመት አይገባም። ከምንጩ ያገኘሁትን እንዳለ እጽፋለሁ፤ የመለስኩትን ከጎኑ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ቱም ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረችኝ ዕድሜን መመርመርን ነው። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760 የተደነገገው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው በመላ አገሪቱ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቀደመው ትውልድ ልደቱን የሚቆጥረው በታላላቅ ክስተቶች ነው። «ጣሊያን ሲገባ ጡት አልጣልኩም ነበር» ያለኝን ሽማግሌ ልደት ከማስላቴ በፊት፣ ጣሊያን የት ሲገባ እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። በደቡብ ምዕራብ ግን የራስ እምሩ ጦር እየተዋጋ ቆይቶ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጁን የሰጠው በታኅሣሥ 1929 ነው። ሲወጣም እንደዚሁ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱት በሚያዝያ 1933 ሲሆን፣ ጅማ ነፃ የወጣችው በሰኔ ነው። በአዲስ አበባ ቀን የማጂን ልጅ ዕድሜ የሚያሰላ ሰው የልደቱን ዓመት ይስታል። የአንድ ተወዳዳሪ ልደትም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰቡ የኖረበትን አካባቢ የጦርነት፣ የድርቅና የመንገድ ሥራ ታሪክ ሳላውቅ ዓመተ ምሕረት አልሰጠውም።

አራተኛው ነገር ከባድ ነው፤ የዘር ሐረጉ በባርነት የተቋረጠን ሰው መፈለግ ነው። ማጂ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለች በኋላ፣ የአካባቢው የዲዚ ሕዝብና የጎረቤቶቹ ልጆች በባሪያ ፈንጋዮች እየተያዙ ወደ ሩቅ አገር ተወስደዋል። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የተወሰደው ልጅ በደረሰበት አገር አዲስ ስም ወጥቶለታል፤ ተጠምቆ ከሆነ የክርስትና ስም ተጨምሮለታል፤ አንዳንዱም በአሳዳሪው ስም ተጠርቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ከተወለደበት ቤት ጋር የሚያገናኘው ወረቀት የለም። ያለው የእናት ጎሣ፣ የመንደር ስም፣ «ወንድማችን ተወስዶ ቀረ» የሚል የቤተሰብ ቃል ነው። ይህንን ቃል ከቀበሌ ማኅተም አሳንሼ አላየውም። ያው ጥንቃቄ ግን ይገባዋል፤ ማን ነገረኝ፣ እሱ ከማን ሰማ፣ ሌላ ቤት ያለ ሰው ይመሰክራል ወይ? ሁለት ሰዎች አንድ ናቸው የምለው አባት፣ ቦታና ዘመን ሦስቱም ሲገጥሙ ነው። ስም ብቻ ከገጠመ ፋይሎቹ ተለያይተው ይቀመጣሉ።

ቤት ስገባ የምጠይቀው ወረቀት ብዙ ነው። በዳዊት መጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፈ የልጆች ልደት፣ የእድር መዝገብ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የጡረታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ ጀርባው ላይ ስምና ቀን ያለበት ፎቶግራፍ አለ። ለተወዳዳሪ ደግሞ የቀጣሪው ፋይል ብዙ ይነግራል፤ የዚያ ዘመን ስፖርተኛ አበበ ቢቂላ ራሱ እንደነበረው ብዙ ጊዜ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ወታደር ደግሞ የመዝገብ ቁጥርና የቅጥር ቀን አለው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገልጦ ማየትም ግድ ነው፤ ጋዜጣው የሰጠው ቀን ቤተሰቡ ያስታወሰውን ያጸናል፣ ወይም ያርማል።

ከወረቀት በፊት ግን ሰው አለ። «አባባ፣ የአባትዎን አባት ማን ይሏቸው ነበር?» ብዬ ስጠይቅ፣ እስኪመልሱልኝ ዝም ብዬ መጠበቅ የሙያው አካል ነው። ስም ጠቁሜ አላስታውሳቸውም፤ የጠቆምኩትን መልሰው ይነግሩኛልና። የቡና ሰዓት ሳያልፍ አልቸኩልም፤ ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ ሌላ የዘመድ ስም ይነሣል፣ ጎረቤትም ገብታ «እሱማ የእናቱ ወገን እኮ ከዚያ ማዶ ነው» ትላለች። የምትለውንም በራሷ ስም ጽፌ እይዘዋለሁ።

የባርነት ታሪክ ያለበትን ቤት ዘር ያለ ፈቃድ በአደባባይ አላወጣም። ጋብቻ የሚያፈርስ፣ ልጅን በትምህርት ቤት የሚያሰድብ ቃል አሁንም አለና። የጻፍኩትን መጀመሪያ የማነበው ለራሱ ለቤተሰቡ ነው፤ ያልተስማሙበትን እንዲወጣ አልፈቅድም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ውጤት ብቻ ካስቀረን ገረመው ደንቦባን የምናውቀው ከባልዲኒ በኋላ እንደገባ ሰው ብቻ ነው። ዘሩን ስንከተል ግን መንገድ የሌለበትን አገር፣ ሳንቲም የቆጠረ ቤተሰብን፣ ብስክሌት ለማግኘት የተደረገ ጥረትን እናገኛለን፤ ሰውየው ስንተኛ ሆኖ እንደገባ ሳይሆን ከየት ተነሥቶ እንደደረሰ እንለካዋለን። ለዚህ ነው ለሚጠይቁኝ ወጣቶች አንድ ሥራ የምሰጣቸው፤ ዛሬውኑ የአባታቸውን፣ የአያታቸውንና የቅድመ አያታቸውን ስም ከነነገራቸው ሰው፣ ከነቦታውና ከነዘመን አቆጣጠሩ ጽፈው ያስቀምጡ። የነገው ተመራማሪ የእነሱን ውድድር ሲጽፍ ከአንድ መስመር አይጀምርም።